ጠገራ ብርና አሞሌ ይዤ ደሴ

እሑድ

ከላምበረት መናኸሪያ ስንነሳ ገና አልነጋም። ቦርሳዬ ከብዷል። ግማሹ ለልጆች የጻፍኳቸው የታሪክ መጻሕፍት ናቸው። ግማሹ ደግሞ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ የማዞራቸው ዕቃዎች፦ ማርትሬዛ የሚባለው ጠገራ ብር፣ በጨርቅ የጠቀለልኩት አሞሌ ጨው፣ ቁራጭ ብራና፣ በትልቁ ያሳተምኳቸው የድሮ ፎቶዎች። ረዳቱ "እናቴ፣ ይሄን ላይ ልጫነው" ሲለኝ አይሆንም አልኩት። ጨው ነው፣ ዝናብ ካገኘው አለቀለት። እግሬ ሥር አድርጌው 400 ኪሎ ሜትር ያህል አብረን ተጓዝን።

ለምን ደሴ? በአንድ ከተማ ዙሪያ ይህን ያህል ታሪክ ተሰብስቦ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ነው። ቦሩ ሜዳ ከከተማው ብዙም አይርቅም። ውጫሌ በወልድያ መንገድ ላይ ናት። ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱን የቀጠሩበት ወረኢሉ እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። መቅደላም እንደዚያው። ልጆቹ ግን እነዚህን ስሞች የሚያውቋቸው ለፈተና ነው። የውጫሌ ውል መቼ ተፈረመ ሲባሉ "ሚያዝያ 25 ቀን 1881" ብለው ቁጭ ያደርጉታል። ውጫሌን ደግሞ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ በሚኒባስ ያልፉባታል። የመጽሐፉ ውጫሌና ሚኒባሱ "ውጫሌ ወራጅ" የሚባልባት ውጫሌ አንድ መሆኗን ያሰበ ልጅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ታሪክ ከቆሙበት መሬት ቢጀምርላቸው ብዬ ነው በየትምህርት ቤቱ የምዞረው።

ደብረ ብርሃን ቁርስ በላን። ጣርማበር ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ዋሻውን አለፈ። ከዚያ ሸዋሮቢት፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ሙቀቱ አይጣል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሹራቤን አውልቄ ነበር፣ ሐረጎን ጠመዝማዛውን ወጥተን ደሴ ስንገባ መልሼ ለበስኩት። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ቆላና ደጋ ነው ልዩነቱ። ማታ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ድረስ ገባ። ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይዘውልኝ መጡና "አብሽሪ፣ ነገ ይለመዳል" አሉኝ።

ሰኞ

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የመንግሥት ነው፣ ከሰኞ ገበያ ብዙ አይርቅም። የደረስኩት ለሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ነው። ሚኒ ሚዲያዎቹ ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝና "ለሁሉም ተማሪ ንግግር ያድርጉልን" ተባልኩ። ሰላም ብዬ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩና መለስኩላቸው። ሜዳ ላይ ለቆመ ተማሪ ታሪክ መንገር አይሆንልኝም። ክፍል ለክፍል መግባት ነው የምፈልገው፣ ልጅ ዕቃውን በእጁ ካልያዘው ታሪኩ ከጆሮው አያልፍም።

አምስተኛ ክፍል ገባሁ። በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የተቀመጡት። ስሜን ከነገርኳቸው በኋላ ምንም ሳልል ማርትሬዛ ብሩን ለፊተኛው ረድፍ ሰጠሁ። "ምንድን ነው? መልሱን አልነግራችሁም፣ እናንተ ንገሩኝ" አልኳቸው።

ብሩ ዞረ። አንዱ ጥርሱ ላይ መታው፣ ሌላው ዴስክ ላይ ጥሎ ድምፁን ሰማ። አንዷ ልጅ ከኪሷ ያለውን ባለ አንድ ብር ሳንቲም አውጥታ በሌላው እጇ ይዛ መዘነችው። "ይሄኛው ይከብዳል" አለች። ልክ ነሽ፣ 28 ግራም ያህል ነው፣ አብዛኛው ብር ነው አልኳት። "ሴት አለችበት!" አለ ከኋላ። "እቴጌ ጣይቱ ናት!" አለ ሌላው፣ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ተስማማ። ወደድኳቸው። ሴት፣ ዘውድና የድሮ ብር ሲደመር ጣይቱን ማሰብ ከወሎ ልጅ የሚጠበቅ ጥሩ ግምት ነው። "እሺ፣ ዓመቱን አንብቡልኝ" ስላቸው አንዷ ወደ መስኮቱ አስጠግታ "1780" አለች። እዚህ ላይ ነው የምጠብቀው ጥያቄ የመጣው፣ "በእኛ ነው በፈረንጅ?"

ይህን ጥያቄ የጠየቀ ልጅ ግማሹን የታሪክ ሥራ ተምሯል። በፈረንጅ ነው፣ በእኛ 1772 ወይም 1773 መሆኑ ነው። እዚያው ሰሌዳው ላይ ቀነስን። ታዲያ ጣይቱ ያኔ ተወልደዋል ወይ? አልተወለዱም። ስለዚህ ሴትዮዋ ማን ናት? ማሪያ ቴሬዛ የምትባል የኦስትሪያ ንግሥት ናት፣ በዚያው በ1780 ነው የሞተችው። ከሞተች በኋላም ብሩ ያው ዓመተ ምሕረት እየተጻፈበት መመታቱን ቀጠለ፣ ሰው ለምዶት ስለነበር ሌላ አልቀበልም አለ። መልኳ ወይም ጌጧ የደበዘዘ ከሆነ ነጋዴው ይመልሰዋል። ምኒልክ በራሳቸው ምስል 1887 የሚል ብር ካስመቱ በኋላ እንኳ ገበያው ማርትሬዛውን አልተወም።

አሞሌው ሲመጣ ሥርዓት ጠፋ። ሁሉም መላስ ፈለገ። አስተማሪያቸው ደነገጡ፣ እኔ ግን ለዚሁ ሲባል በትንንሹ የሰበርኩት ነበረኝና አደልኳቸው። ከአፋር ዝቅተኛው ቦታ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራበት እንደነበር፣ ከተቆረጠበት ቦታ እየራቀ ሲሄድ ደግሞ ዋጋው እየጨመረ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። ሁለተኛ ረድፍ የተቀመጠ፣ እስካሁን አንድም ቃል ያልተነፈሰ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ክረምት ሲሆን ገንዘቡ አይሟሟም?"

ይሟሟል! ሲራራ ነጋዴው አብዛኛውን በበጋ የሚጓዘውም ለዚህ ጭምር ነው። ደግሞ ክረምት ወንዝ ይሞላል። ይህ ልጅ የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያልተጻፈ ነገር በራሱ ደረሰበት። አስተማሪውም "ይሄ ልጅ እኮ አይናገርም ነበር" አሉኝ በኋላ።

ማክሰኞ

ዛሬ ሰባተኛ ክፍሎች ናቸው፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ስለ ኅዳር 26 ቀን 1928 ነው የምንነጋገረው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበት ቀን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፣ መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየውን ፎቶ አብዛኛው ሰው የሆነ ቦታ አይቶታል። የት እንደተነሳ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። "ይህ የት ነው?" ብዬ ፎቶውን ከፍ አድርጌ ስይዘው ማይጨው ያለ አለ፣ ዐድዋ ያለም አለ። ደሴ ነው ስላቸው ክፍሉ ተንጫጫ። "የት ጋ? ፒያሳ? ሆጤ?"

እኔ ከፎቶው የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። እንዴት አወቅን? ማን ነው ያየው? በዚያ ሳምንት ደሴ ውስጥ የውጭ ጋዜጠኞች ነበሩ፣ ያዩትን ጽፈው ልከዋል፣ ፎቶ አንስተዋል። አሜሪካኖች የሚሠሩበት፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመትቷል፣ ሐኪሞቹም ዝም አላሉም። ምስክር ባይኖር ኖሮ ጣሊያን የፈለገውን ብሎ ያልፍ ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ ማን አየ፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ነው የጻፈው።

ከዚያ አንዲት ልጅ ተነሳች። ከሌሎቹ ረዘም ያለች፣ ሻርፕ ያጠለቀች። "ቲቸር፣ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ እኔም ሰምቻለሁ" አለች። አስተማሪዋ ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷ አላቆመችም። አልጋ ሥር ከታናሽ ወንድሟ ጋር እንደገቡ፣ እናቷ ሬዲዮ እንዳትከፍት አባቷ እንደከለከሏት፣ በነጋታው ዳቦ ቤቱ ስላልከፈተ ቆሎ እንደበሉ ተናገረች። ከዚያ ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ሌላው። አንዱ ቤተሰቦቹ በእግር ወደ ኮምቦልቻ እንደወረዱ፣ አንዷ ደግሞ ዶሮዋን ይዛ እንደሄደች።

ያሰብኩትን ትምህርት ተውኩት። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ማቆም ነውር ነው። ሰማናቸው። ማንም ሌላውን አላቋረጠም፣ የሰባተኛ ክፍል ልጆች እንዲህ ሲደማመጡ ብዙ አላየሁም። መጨረሻ ላይ ወደ ሰሌዳው ተመለስኩና ሦስቱን ጥያቄዎች አሳየኋቸው። ማን አየ? እናንተ። መቼ ተጻፈ? ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፣ ቀኑን ከማታውቁት እናታችሁን ጠይቁ፣ ያያችሁትንና ሌላ ሰው የነገራችሁን ለዩ አልኳቸው። የደሴ ሙዚየም ራሱ በዚያ ጦርነት ተዘርፏል። ዕቃ ይዘረፋል፣ ይቃጠላል። የልጅ ደብተር ሃያ ቤት ውስጥ ከተቀመጠ አንዱ ይተርፋል።

መምህራን ክፍል ሻይ ስንጠጣ አስተማሪዋ "እኔም ለልጆቼ አልተናገርኩም እኮ፣ እንዳይፈሩ ብዬ" አለችኝ። ምንም አልመከርኳትም። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ የራሷን ነገረችኝ።

ረቡዕ

ከስድስተኛ ክፍሎች ጋር በእግር ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ሄድን። ሁለት መምህራንና የተማሪዎቹ አለቃ ሰልፉን ይጠብቃሉ፣ ባጃጆች ጥሩምባ እየነፉ ያሳልፉናል። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ፊት ቆምን። የወሎን ንጉሥ ታሪክ ከዚህ የተሻለ የት ይነገራል?

መሐመድ ዓሊ ተብለው ተወለዱ፣ ከ1870 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሲጠመቁ ሚካኤል ተባሉ፣ ክርስትና ያነሷቸውም አፄ ዮሐንስ ናቸው። በዐድዋ ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። ልጃቸው ኢያሱ ሥልጣኑን ሲይዝ በ1906 ንጉሥ ሆኑ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። ይህን ሁሉ ፈጠን ብዬ ነው የነገርኳቸው፣ ምክንያቱም ጥያቄው የት እንደሚመጣ አውቃለሁ።

መጣ። "ለምን ስማቸውን ቀየሩ? ወደው ነው?"

ፊቴ የቆሙት ልጆች ግማሾቹ ሙስሊም ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው። ብዙ አዋቂዎች እዚህ ጋ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ርዕስ ይቀይራሉ። ለልጅ የሚጻፍ ታሪክ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፣ የሚያስቸግረውን ቆርጠን ጥለን ጣፋጩን ብቻ ስናቀርብላቸው። እኔ እንደሆነው ነገርኳቸው። አፄ ዮሐንስ አገሩ በአንድ ሃይማኖት እንዲጸና ፈለጉ፣ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ተጠመቁ ወይም ሥልጣናችሁን ልቀቁ ተባሉ። የተጠመቁ አሉ። እንደ ሼህ ጦልሓ ያሉ ደግሞ እምቢ ብለው ታገሉ። የተሰደደም ብዙ ነው። ሚካኤል በልባቸው ምን እንዳሰቡ ግን ጽፈው አልተዉልንም፣ ስለዚህ በእርሳቸው አፍ ልናገር አልችልም አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ፣ ትልቅ ሰው በሚመስል አነጋገር፣ "የእኔ አያት በእናቴ በኩል ክርስቲያን ነው፣ በአባቴ በኩል ሐጂ ነው" አለ። "የእኔም!" አለች ሌላዋ። "እኛ ቤት ፋሲካም ዒድም ነው" አለ ሦስተኛው። ዐሥራ ምናምን ልጅ እጁን አወጣ። ወሎ ይህ ነው። መጽሐፍ ውስጥ ለማስረዳት አንድ ምዕራፍ የፈጀብኝን ነገር እነሱ በደቂቃ ጨረሱት። ግዴታም እንደነበረ ሰሙ፣ አብሮ መኖሩንም ከቤታቸው ያውቁታል፣ አንዱ ሌላውን አልሰረዘባቸውም።

ሐሙስ

ሲዘንብ ዋለ። አንድ የግል ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ያሉትን ተማሪዎች በሙሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ ጠበቀኝ። ክፍል ለክፍል ነው የተስማማነው ብላቸው "ፕሮግራሙ ወጥቷል" አሉኝ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፅ ማጉያውም አይሰማም። ትንንሾቹ ብርድ ላይ ተቀምጠው ተንቀጠቀጡ። አሳጠርኩት። እንዲህ ያለው ነገር ለፎቶ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለልጆቹ አይሆንም። አንድ ደራሲ ትምህርት ቤታችሁ የሚመጣ ከሆነ እባካችሁ ሁለት ክፍል ብቻ ምረጡና በደንብ አስተናግዱት።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አራተኛ ክፍል ገባሁ፣ እዚያ ብራናውን ነው ያሳየኋቸው። ቀዳዳውንና የጠጉሩን ሥር ሲያዩ "ፍየል ነው" ያለው ልጅ አባቱ ቆዳ ነጋዴ ነው። ለአንድ ትልቅ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ ሲያሰሉ ደወል ተደወለ። መጽሐፍ የሚገዛ አቅም ያለው ልጅ ጥቂት ነው፣ ወረቀት በተወደደበት ዘመን የኔም መጽሐፍ ርካሽ አይደለም። ደብተራቸውን አምጥተው "እዚህ ላይ ፈርሚልኝ" አሉኝ፣ ፈረምኩ። ለቤተ መጻሕፍታቸው የተወሰነ ቅጂ ትቼ ወጣሁ።

ዓርብ

ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ታች ቦርከና ሲታይ ሹራብ ተወለቀ።

እዚህ ለስምንተኛ ክፍሎች ያዘጋጀሁት መንገድን ነው። በቀን ሁለቴ ስለሚያቋርጡት መንገድ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲንቀሳቀስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ ይዞ ነበር፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ቁጥሩን ጻፍኩና ዝም አልኩ። ከዚያ፦ "አንዱ መኪና ከነክፍተቱ 15 ሜትር ቢይዝ፣ ሰልፉ ስንት ይረዝማል?"

አንድ ልጅ ጠመኔውን ነጥቆኝ አባዛው። 25,500 ሜትር። 25 ኪሎ ሜትር ተኩል። ቁጥሩን አይቶ ቆመ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ከዚያ "ቲቸር... የመጀመሪያው መኪና እዚህ ኮምቦልቻ ሲደርስ የመጨረሻው ገና ደሴ ነው!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ወደ ሐረጎ ዞሮ አየ። መኪና በመኪና የተሞላ ሐረጎ ታያቸው። እሑድ ያለፍኩበት የጣርማበር ዋሻ ያኔ እንዳልነበረ፣ ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ነው የተሠራው ስላቸው ደግሞ "ታዲያ በየት አለፉ?" ብለው ያዙኝ። ጭቃው እንዴት እንዳስቸገረ፣ መንገዱን በጉልበት እየጠረጉ እንዴት እንዳለፉ ተነጋገርን።

አንዷ "ታሪክ ለመባል ስንት ዓመት ማለፍ አለበት?" ብላ ጠየቀች። በቃል ከምመልስላት በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ የነበሩትን የጥበቃ ሠራተኛ ጠራኋቸው። አባባ፣ ይግቡ። "እኔ? እኔ ምን ታሪክ አለኝ ልጄ?" አሉ። ዳይሬክተሩ ቀደም ሲል ሹክ ብለውኝ ነበር፣ ሰውየው በደርግ ዘመን የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሥራ ሲጀምር ከገቡት ሠራተኞች አንዱ ናቸው።

ልጆቹ መጀመሪያ "ስለ ፋብሪካው ይንገሩን" አሏቸው። እሳቸውም "ጥሩ ነበር" ብለው ጨረሱ። እንዲህ ስትጠይቁ እንዲህ ነው የሚመለስላችሁ አልኩ። ትንሽ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ምን ለብሰው ገቡ? የመጀመሪያ ደሞዝዎን ምን አደረጉት? አንዱ ጠየቀ፣ ሰውየው ቀና አሉ። ለእናታቸው ነጠላ እንደገዙ፣ የሌሊት ፈረቃ ሲወጡ ጆሯቸው እስከ ቤት ድረስ ይጮህ እንደነበር ተናገሩ። "ማሽኑ ሲጮህ እንዴት ትነጋገሩ ነበር?" አለች ያቺው የታሪክ ዕድሜ የጠየቀችኝ ልጅ።

ሰውየው ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሁለት ጣታቸውን አነባበሩና ቦጨቅ አደረጓቸው፦ ክር ተበጥሷል። መዳፋቸውን አገጫቸው ላይ አደረጉ፦ አለቃ እየመጣ ነው። ትንሿን ጣት ወደ አፍ፦ ሻይ ሰዓት። በምልክት ነበር የሚግባቡት፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ድምፅ አይሠራም። ክፍሉ በሙሉ ጣቱን እያነባበረ ክር በጠሰ። ሰውየውም "እንደሱ አይደለም፣ እንዲህ" እያሉ በየዴስኩ ዞሩ። ደወል ተደውሎ ማንም አልወጣም። ቀጣዩ የሒሳብ መምህር መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አይተው እሳቸውም ገብተው ተቀመጡ።

እስከማውቀው ድረስ ይህ የምልክት ንግግር የትም አልተጻፈም። ሁለት ልጆች ሥዕሉን ከነትርጉሙ ደብተር ላይ እንዲያሰፍሩት ተመደቡ።

ቅዳሜ

ጠዋት ከሁለቱም ከተሞች የመጡ ጥቂት መምህራን ጋር ኮምቦልቻ ቡና ጠጣን። አንዲት የኅብረተሰብ ሳይንስ መምህርት የማክሰኞዎቹን ልጆች ደብተሮች ይዛ መጥታለች። ብዙዎቹ ጽፈዋል። እኔ ያላሰብኩትን አንድ ነገር ራሷ ጨምራበታለች፣ ገጹን ለሁለት ከፍላ በግራ "ያየሁት"፣ በቀኝ "የሰማሁት" ብላ አስምራላቸዋለች። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚቆለፍ ሣጥን ተፈልጓል፣ ልጅ ፈቅዶ የሰጠው ብቻ ይገባበታል፣ የማይፈልግ ቤቱ ያስቀምጠው ተባብለናል።

ከስምንተኛ ክፍሎቹ የወሰድኳቸው ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ናቸው፣ መልሱን ፈልጌ እንድልክ ቃል ገብቻለሁ። በ1928 ያን ጭቃ መንገድ የጠረጉት ሠራተኞች እነማን ነበሩ? ይከፈላቸው ነበር? ከኮምቦልቻ ሰው ነበረበት? አዲስ አበባ እንደገባሁ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄጄ ፍለጋውን የምጀምረው በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ጥበቃው አባባ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሌሎች ሁለት የድሮ ባልደረቦቻቸውን ይዘው ክፍል ሊገቡ ቀጠሮ ይዘዋል።